የጨዋታውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

የስፖርት ቀጥታ ስርጭት፥ የማስታወቂያና በኢንተርኔት የሚታይ ርካሽ ቴሌቪዥን ታሪክ በአሜሪካ (1921–2025)

1. መግቢያ

የቴሌቪዥን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንደ መሣሪያ ታሪክ ሆኖ ነው። መጀመሪያ ራዲዮ መጣ፤ ቀጥሎ ሥዕልን በአየር መላክ ተቻለ፤ ከዚያም ሽቦው፥ ሳተላይቱና ኢንተርኔቱ ተከታተሉ ይባላል። ይህ አጻጻፍ እውነት ቢሆንም ከመሣሪያው ጀርባ የቆመውን አንድ ጥያቄ ይሸፍነዋል። ይኸውም፥ አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በሩቅ ሜዳ የሚደረገውን ጨዋታ ሲያይ ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ቦታው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ነው፤ ስፖርትን ከማስታወቂያ፥ ማስታወቂያንም ከቴሌቪዥን ጋራ ገና ከጥንቱ አጥብቆ ያሰረው አገር እርሱ ስለ ሆነ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ያስታውስ።

ወደዚህ ጥናት የመራኝ አንድ የቤተ ሰብ ነገር ነው። በቨርጂንያ የሚኖሩት አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የኬብል ቴሌቪዥናቸውን አቋርጠው በኢንተርኔት ወደሚታይ ርካሽ ቴሌቪዥን መዛወራቸውን በደስታ ነገሩን። በኋላ ወደ አገር ቤት በመጡ ጊዜ ግን፥ «ልጄ፥ አንድ ደረሰኝ ሸሽቼ አራት ደረሰኝ ላይ ወደቅሁ» አሉኝ። የእንግሊዝ እግር ኳስ በአንዱ፥ የኤውሮጳ ክለቦች ዋንጫ በሌላው፥ ልጆቻቸው የሚወዱት የአሜሪካ እግር ኳስ ደግሞ በሌሎች ሁለት ድርጅቶች ተከፋፍሎባቸው ነበር። እኔም ይህ የአንድ ሰው የሒሳብ ስሕተት ነው ወይስ የነገሩ የራሱ ጠባይ ነው ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ።

2. ራዲዮና የባለቤቶች ፍርሃት

በጁላይ 2 ቀን 1921 ጃክ ዴምፕሲና ፈረንሳዊው ዦርዥ ካርፓንቲዬ በጀርሲ ሲቲ ለዓለም የከባድ ሚዛን ማዕርግ ሲጋጠሙ የግጥሚያው ሂደት በራዲዮ ተነገረ። በዚያው ዓመት በኦገስት 5 ቀን በፒትስበርግ የሚገኘው ኬ.ዲ.ኬ.ኤ. የተባለው ጣቢያ የፓይሬትስንና የፊሊስን የቤዝቦል ጨዋታ ከሜዳው አሰማ። ጣቢያውን ያቋቋመው ዌስቲንግሀውስ የተባለው የመሣሪያ ፋብሪካ ነበረ። ጨዋታው በነጻ ይሰማ የነበረው ሰው ራዲዮ እንዲገዛ ነበር እንጂ ለአድማጩ ከማዘን የተነሣ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ከፋይ መሣሪያውን የገዛው ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ከፋይ ወዲያው ተከተለ። በኦገስት 28 ቀን 1922 ደብልዩ.ኢ.ኤ.ኤፍ. የተባለው የኒው ዮርክ ጣቢያ ገንዘብ ተቀብሎ ስለ መኖሪያ ቤቶች ሽያጭ የሚናገር ማስታወቂያ አሰማ። ከዚያ በኋላ ነጋዴው የአድማጩን ጆሮ ከጣቢያው መግዛት ጀመረ። በ1934 የፎርድ መኪና ፋብሪካ የቤዝቦልን ታላቅ የፍጻሜ ውድድር በራዲዮ ለማሰማት 100,000 ዶላር ከፈለ።

የቡድን ባለቤቶች ግን ልባቸው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጨዋታውን በቤቱ የሚሰማ ሰው ትኬት ገዝቶ ወደ ሜዳ አይመጣም ብለው ፈሩ። ስለዚህ በኒው ዮርክ የነበሩት ሦስቱ ታላላቅ የቤዝቦል ቡድኖች በ1934 ጨዋታቸው በራዲዮ እንዳይሰማ ተስማሙ። ስምምነቱ እስከ 1938 ቆየ፤ በ1939 የብሩክሊን ዶጀርስ ከስምምነቱ ወጥተው ጨዋታቸውን ማሰማት ሲጀምሩ የቀሩት ሁለቱም ተከተሉ። የሜዳው በርና የማስታወቂያው ገንዘብ በመጀመሪያ የተጋጠሙት በዚህ ጊዜ ሲሆን ድሉም የማስታወቂያው ሆነ።

3. የዘጠኝ ዶላር ማስታወቂያ

በሜይ 17 ቀን 1939 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ያደረጉት የቤዝቦል ጨዋታ በቴሌቪዥን ታየ። በአሜሪካ በቴሌቪዥን የታየው የመጀመሪያው የቤዝቦል ጨዋታ የተማሪዎች ጨዋታ መሆኑ እኛን ተማሪዎችን ሳያስደስት አይቀርም። በዚያው ዓመት በኦገስት 26 ቀን የታላላቆቹ ቡድኖች ጨዋታ ተከተለ።

ለጥናታችን የሚበልጠው ቀን ግን ጁላይ 1 ቀን 1941 ነው። በዚያ ቀን የአሜሪካ መንግሥት በቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንዲነገር ፈቀደ። በኒው ዮርክ የብሩክሊን ዶጀርስና የፊላዴልፊያ ፊሊስ ጨዋታ ሊጀመር ሲል የቡሎቫ ሰዓት ፋብሪካ ማስታወቂያ ለጥቂት ሰከንዶች ታየ። በአሜሪካ ካርታ ላይ አንድ ሰዓት ተሥሎ ነበር። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ 9 ዶላር ነው ይባላል። እንግዲህ በአሜሪካ በሕግ የተፈቀደው የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተወለደው በስፖርት ቀጥታ ስርጭት ደጃፍ ነው። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም።

ያልተለያዩበትን ምክንያት ለመረዳት የጨዋታዎቹን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። ቤዝቦል ቡድኖቹ ቦታ በተለዋወጡ ቁጥር ያርፋል። ቡጢም በየዙሩ መካከል አንድ ደቂቃ ዕረፍት አለው፤ ጂሌት የተባለው የጢም መላጫ ፋብሪካ ከ1944 እስከ 1960 በዓርብ ማታ የቡጢ ግጥሚያዎች ስሙን ያስጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአሜሪካ እግር ኳስም እየቆመ የሚሄድ ጨዋታ ነው። በአንጻሩ እኛ የምናውቀው እግር ኳስ 45 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይሮጣል፤ ለነጋዴ የሚመች ቀዳዳ የለውም። በ1994 የዓለም ዋንጫ በአሜሪካ በተደረገ ጊዜ ጨዋታው በማስታወቂያ እንዳይቆረጥ የነጋዴዎቹ ምልክት በቴሌቪዥኑ ላይ ከሰዓት ቈጣሪው አጠገብ እንዲታይ ተደረገ። በእግር ኳስ ማስታወቂያው በተጫዋቹ ደረትና በሜዳው ዙሪያ የሚለጠፈውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሌላው ምክንያት ጊዜ ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመመገቢያው አዳራሽ አንድ ቴሌቪዥን ነበረ። አንድ ማታ ታላቅ ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ መብራት ጠፋ። በማግሥቱ ጨዋታው እንደገና ሲታይ አዳራሹ ባዶውን ነበረ፤ ውጤቱ ከቁርስ በፊት ተወርቶ ነበርና። ፊልም ነገም ፊልም ነው፤ ጨዋታ ግን እንደ ትኩስ እንጀራ በሰዓቱ ካልተበላ ይደርቃል። በኖቬምበር 17 ቀን 1968 ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው ድርጅት የኒው ዮርክ ጄትስንና የኦክላንድ ሬይደርስን ጨዋታ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀረው አቋርጦ «ሃይዲ» የተባለውን የልጆች ፊልም አሳየ። በቀረችው ጊዜ ሲመሩ የነበሩት ጄትስ ተሸነፉ። የተመልካቾች ቍጣ እጅግ ስለ በረታ የቴሌቪዥን ድርጅቶች ከዚያ ወዲያ ጨዋታን እስከ ፍጻሜው ማሳየት ልማዳቸው አደረጉ።

4. የ1961 ሕግና የመብት ዋጋ

እስከ 1960 ገደማ በአሜሪካ እግር ኳስ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ጨዋታ ለብቻው ይሸጥ ነበር። የትልቅ ከተማ ቡድን ብዙ ያገኛል፤ የትንሽ ከተማ ቡድን ግን ጥቂት ይደርሰዋል። በ1960 የሊጉ ኃላፊ የሆነው ፒት ሮዜል ሁሉም በአንድነት ሸጠው ገንዘቡን እኩል እንዲካፈሉ አሳመናቸው። ፍርድ ቤት ግን ይህ ውል የንግድ ውድድርን ይከለክላል ብሎ በ1961 አፈረሰው። በዚህ ጊዜ ምክር ቤቱ የስፖርት ስርጭት ሕግን አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም በሴፕቴምበር 30 ቀን 1961 ፈረሙበት።

ከዚህ በኋላ ዋጋው እንደ እሳት ተቀጣጠለ። ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው ድርጅት ለ1962 ጨዋታዎች 4.65 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ለ1964 ዓመታዊው ክፍያ 14.1 ሚሊዮን ደረሰ። በ2021 የተፈረመው የ11 ዓመት ውል ግን ከሁሉም ድርጅቶች ተደምሮ ከ100 ቢልዮን ዶላር በላይ መሆኑ ተነግሯል። የማስታወቂያውም ዋጋ አብሮ ወጣ። በ1967 በመጀመሪያው ሱፐር ቦውል የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ 40,000 ዶላር ገደማ ነበረ፤ በ2024 ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከ9 ዶላር ወደ 7 ሚሊዮን የተጓዘው መንገድ የተፈጸመው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው።

እስከዚህ ድረስ ግን ተመልካቹ በእጁ ገንዘብ አልቈጠረም። አንቴና የተከለ ሁሉ፥ ሀብታምም ሆነ ድኻ፥ አንዱን ጨዋታ በአንድ ሰዓት ያይ ነበር። ዋጋውን ይከፍል የነበረው ሳሙና፥ ቢራና መኪና በገዛ ጊዜ ነው።

5. ኬብል፤ የማያየው የሚከፍልበት ዘመን

ኬብል የተጀመረው በ1948 አካባቢ በፔንስልቬንያና በኦሬጎን ተራራማ ቦታዎች ነው። ተራራ የጋረደባቸው ከተሞች አንድ ረዥም አንቴና ከፍ ባለ ቦታ አቁመው ሥዕሉን በሽቦ ወደየቤቱ ያወርዱት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሽቦው ከአየር የማይገኝ ነገር ማምጣት ጀመረ። ኤች.ቢ.ኦ. በኖቬምበር 8 ቀን 1972 በዊልክስ ባር ከተማ ሥራውን ሲከፍት በመጀመሪያ ያሳየው የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ነው። በሴፕቴምበር 7 ቀን 1979 ደግሞ ሌሊትና ቀን ስፖርት ብቻ የሚያሳየው ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. ተከፈተ።

ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. ሁለት ኪስ ያለው ድርጅት ሆነ። በአንዱ ኪስ የማስታወቂያ ገንዘብ ይገባል፤ በሌላው ደግሞ የኬብል ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ደንበኛ በየወሩ የሚከፍሉት ገንዘብ ይገባል። ይህ ክፍያ በ2010ዎቹ አጋማሽ ለአንድ ቤት ከ6 ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። የሚከፈለው ስፖርት በሚታይበት ቤት ብቻ ሳይሆን በደንበኛው ሁሉ ቤት ነው። የወጥ አሠራርና የድሮ ፊልም ብቻ የሚያዩ አሮጊት ከሌሎች ጣቢያዎች ጋራ በአንድ ጥቅል ስለ ገዙት የማያውቁትን ተጫዋች ደመወዝ ይከፍሉ ነበር። በ2011 ገደማ ጣቢያው ወደ 100 ሚሊዮን በሚጠጉ ቤቶች ይታይ ስለ ነበር፥ ከማያዩት የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሚያዩት ዋጋውን ያቀልላቸው ነበር። የዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ይህ ነጥብ ነው፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነውና።

6. ኢንተርኔትና የርካሽነት ተስፋ

በኢንተርኔት የመጀመሪያው የስፖርት ቀጥታ ስርጭት በድምፅ ብቻ ነበር። በሴፕቴምበር 5 ቀን 1995 የሲያትል ማሪነርስና የኒው ዮርክ ያንኪስ ጨዋታ በዚህ መንገድ ተሰማ። በኦገስት 26 ቀን 2002 የያንኪስና የቴክሳስ ሬንጀርስ ጨዋታ ከነሥዕሉ ታየ፤ የተመለከቱትም 30,000 ያህል ሰዎች ነበሩ።

በዚህ መካከል በ1999 ፕሮግራም በዲስክ የሚቀዱ መሣሪያዎች በገበያ ወጡ። ተመልካቹ ማስታወቂያውን እየዘለለ ማየት ቻለ፤ የማስታወቂያ ነጋዴዎችም ደነገጡ። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ዳነ፤ እርሱም ቀጥታ ጨዋታ ነው፤ ገና ያልተደረገውን ሊዘልል የሚችል የለምና። ስለዚህ ሌላው ፕሮግራም ሲረክስ ጨዋታ ተወደደ። በኒልሰን ቈጠራ መሠረት በ2023 በአሜሪካ ብዙ ሰው ካያቸው 100 ስርጭቶች መካከል 93ቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ጨዋታዎች ነበሩ።

ርካሽ ቴሌቪዥን በኢንተርኔት ለማቅረብ በድፍረት ከሞከሩት አንዱ በ2012 በኒው ዮርክ የተከፈተው ኤሪዮ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጥፍር የምታክል አንቴና እያከራየ ከአየር የሚገኙትን ጣቢያዎች በወር ከ8 ዶላር ጀምሮ በኢንተርኔት ያሳይ ነበር። ለጣቢያዎቹ ግን አንድም ሳንቲም አይከፍልም። ክርክሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጁን 25 ቀን 2014 በስድስት ድምፅ ለሦስት ተፈረደበትና ተዘጋ። ፍርዱ መብት ሳይከፈልበት የሚገኝ ርካሽነት እንደማይጸና አስተማረ።

ቀጥሎ ክፍያ እየፈጸሙ ለማርከስ የሞከሩት መጡ። በፌብሩዋሪ 2015 ስሊንግ ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን.ን ጨምሮ ጥቂት ጣቢያዎችን በ20 ዶላር አቀረበ። በኤፕሪል 2017 ዩቲዩብ ቲቪ በ35 ዶላር ተከተለ። የሕዝቡ ደስታ የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ሽቦ የሚዘረጋ ሠራተኛ መጠበቅ፥ የዓመት ውል መፈረም፥ ለሣጥኑ ኪራይ መክፈል ቀርቶ፥ የጨዋታው ወራት ሲያልፍ በአንድ ቀን ማቋረጥ ተቻለ። ለተማሪና ቤት ለሚለዋውጥ ሠራተኛ ይህ ታላቅ ነጻነት ነበር።

7. ርካሽነቱ የት ሄደ?

የዩቲዩብ ቲቪን ወርኃዊ ዋጋ በተራ ብንመለከት፥ በ2017 35 ዶላር፥ በ2018 40፥ በ2019 50፥ በ2020 65፥ በ2023 73፥ በ2025 መጀመሪያ 83 ዶላር ሆኖ እናገኘዋለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ርካሹ ቴሌቪዥን በስምንት ዓመት ውስጥ የሸሸውን የኬብል ዋጋ ወደ መምሰል ደረሰ።

ይህን ለስግብግብነት ብቻ መስጠት ጥናትን ያሳጥራል። ምክንያቱ ባለፈው ክፍል የተናገርነው ነው። የወጥ አሠራር ብቻ የሚያዩት አሮጊት ኬብሉን ሲያቋርጡ የሚከፍሉት ስድስት ዶላር አብሮ ሄደ። ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. በ2023 ወደ 70 ሚሊዮን ቤቶች ወርዶ ነበር። የጨዋታው መብት ዋጋ ግን አልወረደም፤ እንዲያውም ጨመረ። ስለዚህ ያው ሸክም ባነሱ ትከሻዎች ላይ ወደቀ። ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. በኦገስት 2025 ያለ ኬብል ለብቻው መሸጥ ሲጀምር ዋጋው በወር 30 ዶላር ያህል ሆነ። በጥቅል ውስጥ ስድስት የነበረው ለብቻው ሠላሳ የሆነበትን ምክንያት የሚያስረዳው ይኸው ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመሣሪያው ጠባይ ነው። ከአንቴና የሚወጣ ሥዕል አንድ ሰው ቢያየው ወይም ሚሊዮን ቢያየው ለጣቢያው ወጪው ያው ነው። በኢንተርኔት ግን ለእያንዳንዱ ተመልካች ለብቻው ይላካል፤ ተመልካች ሲበዛ ወጪውና ጭነቱ ይበዛል። በኖቬምበር 15 ቀን 2024 ኔትፍሊክስ የማይክ ታይሰንንና የጄክ ፖልን ግጥሚያ ሲያሳይ በብዙ ቤቶች ሥዕሉ እየቆመ አስቸግሯል። ደግሞም የኢንተርኔቱ ሥዕል ከአየሩ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ የጎረቤት ጩኸት ነጥቡን አስቀድሞ ይነግራል።

ሦስተኛው መከፋፈል ነው። አማዞን ከ2022 ጀምሮ የሐሙስ ማታውን የአሜሪካ እግር ኳስ በዓመት አንድ ቢልዮን ዶላር ገደማ ወሰደ። በጃንዋሪ 13 ቀን 2024 የካንሳስ ሲቲና የማያሚ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፥ ከሁለቱ ከተሞች በቀር፥ የሚታየው ፒኮክ ለተባለው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ለከፈለ ብቻ ሆነ። ቍጣው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን 23 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዩት፤ ሻጮቹም ከቍጣው ይልቅ ቍጥሩን አመኑ። የተበታተነውን እንደገና በአንድ ጥቅል ለመሸጥ ሦስት ታላላቅ ድርጅቶች በ2024 ቬኑ የተባለውን አገልግሎት በ43 ዶላር ሊከፍቱ አስታውቀው ነበር፤ ፍርድ ቤት በኦገስት አገደው፥ በጃንዋሪ 2025 ራሳቸው ተዉት።

ማስታወቂያውስ ቀረን? አልቀረም። ሰዎች ማስታወቂያን ሸሽተው የገቡበት ኔትፍሊክስ በኖቬምበር 2022፥ የአማዞን የፊልም አገልግሎትም በጃንዋሪ 2024 ማስታወቂያ አስገቡ። እንዲያውም በኢንተርኔት ማስታወቂያው ለየቤቱ ተለይቶ ሊላክ ስለሚችል ከቀድሞው ይልቅ ለነጋዴው ይመቻል። ተመልካቹ እንግዲህ በሁለት በኩል ይከፍላል፤ በገንዘቡም በጊዜውም።

8. መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያሳየው፥ ከፋዩ በየዘመኑ ሲለዋወጥ መኖሩን ነው። በመጀመሪያ ራዲዮ የገዛው፥ ቀጥሎ ሸቀጥ የገዛው፥ ከዚያ ጥቅሉን የገዛው ሁሉ፥ በመጨረሻም ጨዋታውን የሚወድደው ብቻ ከፈለ። አንዳንዶች ይህ የመጨረሻው ፍርድ ትክክለኛ ነው ይላሉ፤ የበላ ይክፈል ነውና። ይህን ክርክር አልንቅም፤ አሮጊቲቱ ከማያውቁት ዕዳ መዳናቸው ፍትሕ ነው። ደግሞም በነጻ የሚታየው ፈጽሞ አልጠፋም፤ በፌብሩዋሪ 2025 የተደረገው ሱፐር ቦውል ከአየር በአንቴናም፥ ቱቢ በተባለው አገልግሎት በኢንተርኔትም ያለ ክፍያ ታይቷል።

ነገር ግን የሚጠፋ ነገር አለ። የድሮው አንቴና ጨዋታን የከተማ ሁሉ የጋራ ወሬ አድርጎት ነበር። ደረሰኙ ሲበዛ ግን ጨዋታ የሚችለው ሰው ዕቃ ይሆናል፤ የማይችለው አባትም ከልጁ ጋራ የሚያወራውን ያጣል። አጎቴን ያሳዘናቸው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። «ድሮ እሑድ ሁላችን አንድ ነገር እናይ ነበር፤ ዛሬ ማን ምን እንደ ከፈለ አስቀድመን እንጠያየቃለን» ነው ያሉኝ።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2020 የማስተላለፍ መብቱን ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ባለቤት ድርጅት ሸጦ ነበር። ክለቦቻችን በዚህ ገንዘብ ተጠቅመዋል፤ ወርኃዊውን ክፍያ ያልቻለው ወጣት ግን ጥቂት ብር አውጥቶ በየሰፈሩ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት አግዳሚ ላይ ተጋፍቶ ማየትን መረጠ። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ አግዳሚ የድኻ መላ ብቻ አይደለም፤ ዋጋውን ለብዙ ከፍሎ ደስታውን በአንድነት የሚያስገኝ ዘዴ ነው። የአሜሪካ ታሪክ የሚያስጠነቅቀን፥ ስለ ስርጭት መብት ውል የሚዋዋሉ ሰዎች ስንት እናገኛለን ብለው ሲጠይቁ፥ ማን ሳያይ ይቀራል የሚለውንም በዚያው ጠረጴዛ ላይ እንዲጠይቁ ነው።